በሰልባትዮ ውስጥ ያለ የነዳጅ ፓምፕና የኢታኖል ነዳጅ፦ በተርቦ ሞተር ላይ የአቅም ስሌት፣ የሽቦ መስመርና ፍተሻ

አኅጽሮተ ጥናት

ተርቦ ያለውን የቤንዚን ሞተር ወደ ኢታኖል ነዳጅ ለማሸጋገር የሚነሣ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚለውጠው በነዳጅ ታንክ፣ በመካኒኮች አጠራር በሰልባትዮ፣ ውስጥ የሚገኘውን ፓምፕ ነው። ምርጫውም አብዛኛውን ጊዜ በማሸጊያው ላይ በታተመ አንድ የፍሰት ቁጥር ይወሰናል። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ብቻውን ለውሳኔ እንደማይበቃ በስሌት ያሳያል። የፓምፕ አቅም በሚሠራበት ግፊትና በራሱ ጫፍ ላይ በሚደርሰው ቮልቴጅ የሚወሰን ሲሆን፣ በተርቦ ሞተር ላይ ሁለቱም ነዳጅ እጅግ በሚፈለግበት ቅጽበት ፓምፑን ይጫኑታል። ጽሑፉ የኢታኖልን የፍሰት ፍላጎት ከመሠረቱ ያሰላል፤ አንድ ዓይነት ፓምፕ በሽቦው ውፍረት ምክንያት ብቻ ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል በምሳሌ ያስረዳል፤ በመጨረሻም ቀላል የፍተሻ ዘዴ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኢታኖል፣ ኢ85፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ተርቦ፣ የነዳጅ ግፊት፣ የቮልቴጅ መውረድ

1. መግቢያ

ኢታኖል ለመኪና ነዳጅነት አዲስ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 ብሔራዊ የአልኮል ነዳጅ መርሐ ግብሯን ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ደግሞ ቤንዚንንና ኢታኖልን በማንኛውም መጠን ቀላቅለው የሚጠቀሙ መኪኖች በገበያዋ ተስፋፍተዋል። በአሜሪካ ኢ85 በሚል ስም የሚሸጠው ነዳጅ፣ ስሙ 85 በመቶ ቢጠቁምም፣ እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል እንዲይዝ ደረጃው ይፈቅዳል። በሀገራችንም ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የተገኘ ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር።

ዝቅተኛ ድርሻ ያለው ቅልቅል በፓምፑ አቅም ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። ጥያቄው የሚከብደው ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ የተርቦ መኪና ኢ85 እንዲጠቀም ሲፈለግ ነው። በአሜሪካ ይህ ለውጥ ከተለመደባቸው መኪኖች አንዱ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ስለሆነ፣ ጽሑፉ የመኪናውን አሠራር እንደ መነሻ ይጠቀማል። መኪናው 2.5 ሊትር የተርቦ ሞተር አለው። ነዳጅ የሚረጨው በአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ነው። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው በሞተሩ በኩል ይገኛል፤ ከፍላጎት የተረፈው ነዳጅም በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ሞተሮች ሁለተኛ የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ስላላቸው ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ናቸው። የኢንጀክተሮች መጠንና የሞተሩ ኮምፒውተር ማስተካከያም የግድ አብረው የሚለወጡ ቢሆኑም፣ እዚህ የሚነሡት ከፓምፑ ጋር በተያያዙበት ልክ ብቻ ነው።

2. ኢታኖል ብዙ ፍሰት የሚጠይቅበት ምክንያት

ኢታኖል በሞለኪዩሉ ውስጥ ኦክስጅን ይዟል። በዚህም ምክንያት አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ኢታኖል 9 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃዋል። ለኢ85 ምጣኔው ወደ 9.8 ይጠጋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካልተለወጠ፣ ለዚያው አየር የሚያስፈልገው የኢ85 ክብደት የቤንዚኑ 14.7 ÷ 9.8 = 1.5 እጥፍ ይሆናል። ኢ85 ከቤንዚን ትንሽ ከበድ ይላል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን 0.745 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሊትር ኢ85 0.78 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በሊትር ሲሰላ ጭማሪው ወደ 1.43 እጥፍ ዝቅ ይላል። ለንጹሕ ኢታኖል ይኸው ስሌት 1.54 እጥፍ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ነዳጅ ማቅረብ የሚያዋጣበት ምክንያት በሌላው ወገን ይገኛል። የኢታኖል የኦክቴን ቁጥር ከተለመደው ቤንዚን ይበልጣል። ወደ ተን ሲለወጥም በኪሎ ግራም ከቤንዚን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት ይስባል። ለአንድ ዓይነት የአየር መጠን የሚረጨው ኢታኖል ደግሞ ብዙ ስለሆነ፣ አየሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ በጠቅላላው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህም ሞተሩ ሳያንኳኳ ከፍ ያለ የተርቦ ግፊትና ቀደም ያለ የካንዴላ ብልጭታ እንዲቀበል ያስችለዋል። ነገር ግን ጥቅሙ ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ነዳጁ በሚፈለገው መጠን ሳይቋረጥ መድረስ አለበት።

3. ፍላጎት ሲጨምር አቅም የሚቀንስበት ሥርዓት

ኢንጀክተር የሚረጨው መጠን የሚወሰነው በውስጡ ባለው የነዳጅ ግፊትና በአፉ ፊት ባለው የአየር ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት እንዳይዋዥቅ የግፊት መቆጣጠሪያው በቀጭን ቱቦ ከአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ጋር ይገናኛል። መነሻ ግፊቱ 3 ባር ከሆነና ተርቦው 1.4 ባር ከጨመረ፣ መቆጣጠሪያው የነዳጁን ግፊት ወደ 4.4 ባር ያሳድጋል። በኢንጀክተሩ ላይ ያለው ልዩነት 3 ባር ሆኖ ይቀጥላል። ለፓምፑ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከሰልባትዮው ነዳጅ አንሥቶ በ4.4 ባር መግፋት ያለበት እርሱ ነው።

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ የሚገፋበት ግፊት ሲያድግ የሚያፈሰው መጠን ይቀንሳል። የፓምፑ ሞተር ሸክም ሲበዛበት ዙሩ ይቀንሳል፤ በክፍተቶቹ በኩል ወደ ኋላ የሚሾልከው ነዳጅም ይጨምራል። ስለሆነም የተርቦ ግፊት ሲያድግ የሞተሩ የነዳጅ ፍላጎት ወደ ላይ፣ የፓምፑ አቅም ደግሞ ወደ ታች ይጓዛሉ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የሥርዓቱ እውነተኛ ወሰን ነው። በማሸጊያው ላይ የታተመው ቁጥር በአንድ ዝቅተኛ ግፊት፣ ብዙ ጊዜም ያለ አንዳች ግፊት፣ የተለካ ሊሆን ስለሚችል ያንን ነጥብ አይነግረንም። መመልከት የሚገባው አምራቹ የሚያወጣውን፣ ፍሰትን ከግፊትና ከቮልቴጅ ጋር የሚያዛምድ ግራፍ ነው።

4. እጥረቱ በሞተሩ ላይ የሚያስከትለው

ፓምፑ ወሰኑን ሲያልፍ የሚሆነውን መገንዘብ የስሌቱን ጥብቅነት ያስረዳል። ፓምፑ ድንገት አይቆምም። ኢንጀክተሮቹ ከሚመጣው በላይ ስለሚያወጡ ግፊቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያውም የመመለሻውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ሊያድነው አይችልም። የሞተሩ ኮምፒውተር በሙሉ ኃይል ጊዜ ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ግፊቱ እንዳለ ነው ብሎ በመገመት ስለሆነ፣ የግፊት መለኪያ ካልተገጠመለት በቀር ጉድለቱን አያውቅም።

በቁጥር እንመልከተው። የሚረጨው መጠን ከግፊት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ልዩነቱ ከ3 ባር ወደ 2.4 ባር ቢወርድ፣ የ0.8 ስኩዌር ሩት 0.894 ስለሆነ ነዳጁ ወደ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ላምዳ 0.80 እንዲሆን የተስተካከለ ድብልቅ ወደ 0.895 ይሳሳል። በዝቅተኛ ጭነት ይህ ልዩነት ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በሙሉ የተርቦ ግፊት ግን ፒስተኑን የሚያቀዘቅዘው ትርፍ ነዳጅ የጎደለው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ኢታኖል ማንኳኳትን አጥብቆ የሚቋቋም በመሆኑ ደግሞ፣ በቤንዚን ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ይልቅ በጋለ የካንዴላ ጫፍ ወይም በጋለ የጭስ ቫልቭ አማካይነት ነዳጁ ከብልጭታው በፊት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ይህም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፒስተን ሊያቀልጥ የሚችል ክስተት ነው። የፓምፕ ዋጋ ከሞተር እድሳት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በንባብ ላይ የሚፈጠር አንድ ስሕተትም አለ። በክሩስኮት ላይ የሚገጠሙ ብዙ የድብልቅ መለኪያዎች ንባባቸውን በቤንዚን ምጣኔ ያሳያሉ። ላምዳ 0.80 ሲሆን በኢ85 የሚሠራ ሞተርም 11.8 ገደማ ያሳያል፤ የነዳጁ ትክክለኛ ምጣኔ ግን 7.8 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ተደናግሮ ድብልቁን በተሳሳተ አቅጣጫ ሊያስተካክል ስለሚችል፣ በኢታኖል ሥራ ላይ ንባብን በላምዳ መያዝ ይመረጣል።

5. የስሌት ምሳሌ

ግባችን በሞተሩ ዘንግ ላይ 260 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 350 የፈረስ ጉልበት ያህል፣ በ1.4 ባር የተርቦ ግፊት ማግኘት ይሁን። ድብልቁ ለጥንቃቄ ወፈር ተደርጎ በተስተካከለ የተርቦ ሞተር ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 340 ግራም ቤንዚን እንደሚያስፈልግ እንገምት። ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

ለቤንዚን፦ 260 × 0.340 = 88.4 ኪሎ ግራም በሰዓት፤ ለ0.745 ሲካፈል 119 ሊትር በሰዓት ያህል።

ለኢ85፦ 88.4 × 1.5 = 132.6 ኪሎ ግራም በሰዓት፤ ለ0.78 ሲካፈል 170 ሊትር በሰዓት።

በዚህ ላይ 20 በመቶ ትርፍ አቅም ሲታከል 204 ሊትር በሰዓት ይደርሳል። ትርፉ ለጥንቃቄ ብቻ የተጨመረ አይደለም። ፓምፕ ያረጃል፤ ፊልትሮ ይደፈናል፤ ነዳጅም ይሞቃል። በተጨማሪም በምሳሌነት የወሰድነው መኪና ሰልባትዮ የኮርቻ ቅርጽ ያለው ነው። የመኪናው ማስተላለፊያ ዘንግ በመካከሉ ስለሚያልፍ ነዳጁ በሁለት ጎን ይከማቻል። ፓምፑ ያለው በአንዱ ጎን ነው፤ ከሌላው ጎን ነዳጅ ስቦ የሚያመጣው ደግሞ ተመላሹ ነዳጅ ራሱ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ነው። ሞተሩ የሚመጣውን ሁሉ ከጠጣ ተመላሽ አይኖርም፤ ተመላሽ ከሌለ የሌላው ጎን ነዳጅ ወደ ፓምፑ አይሻገርም።

እንግዲህ ጥያቄው “ስንት ሊትር የሚያፈስ ፓምፕ?” የሚል አይደለም። “በ4.4 ባር፣ በፓምፑ ጫፍ ላይ በእርግጥ በሚደርሰው ቮልቴጅ 204 ሊትር የሚያፈስ ፓምፕ የትኛው ነው?” የሚል ነው። የነዳጁ የኢታኖል ድርሻ ከግዢ ግዢ ስለሚለያይ፣ የፓምፑ ስሌት በከፍተኛው ድርሻ፣ የካንዴላ ብልጭታ ማስተካከያው ግን በዝቅተኛው ድርሻ መሠራት ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ ድርሻ ያሰላ ሰው በአንዱ ወገን ሳይሳሳት አይቀርም። ድርሻውን በጉዞ ላይ የሚለካ መሣሪያ ሲገጠም ኮምፒውተሩ ራሱ ማስተካከል ይችላል፤ ፓምፑን ግን ማንም በጉዞ ላይ አያሳድገውም።

6. ቮልቴጅና የሽቦ መስመር

ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ለፋብሪካው ፓምፕ የተመጠነ ነው። ከባትሪውና ከዲናሞው ተነሥቶ በሪሌይና በመቆጣጠሪያ ሳጥን አልፎ ከኋላ ወንበር ሥር ወዳለው ፓምፕ የሚደርሰውን መስመር፣ መመለሻውን ጨምሮ፣ 10 ሜትር፣ ውፍረቱንም 1.25 ካሬ ሚሊ ሜትር አድርገን እንውሰድ። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ 0.0175 ስለሆነ የመስመሩ ሬዚስታንስ 10 × 0.0175 ÷ 1.25 = 0.14 ኦም ይሆናል። 6 አምፔር የሚስብ ፓምፕ በዚህ መስመር ላይ 0.84 ቮልት ያጣል። 12 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ግን 1.7 ቮልት ያህል ያጣል። ዲናሞው 13.7 ቮልት ቢሰጥ በፓምፑ ጫፍ የሚደርሰው 12 ቮልት ብቻ ነው። በማያያዣዎችና በሪሌይ ንክኪዎች የሚባክነው በዚህ ላይ ይታከላል።

አሁን በ3 ባርና በ13.5 ቮልት 255 ሊትር በሰዓት እንደሚያፈስ የተሰየመ ፓምፕ እንምረጥ። ለማብራሪያ ያህል፣ በ4.4 ባር ፍሰቱ በ13.5 ቮልት 215፣ በ12 ቮልት ደግሞ 180 ሊትር ይሆናል ብለን እንገምት። በፋብሪካው ሽቦ ላይ ፓምፑ የሚሰጠን 180 ሊትር ነው። ሞተሩ ከሚጠጣው 170 ሊትር ቢበልጥም ከሚፈለገው 204 ሊትር በታች ስለሆነ ብቁ አይደለም። ሽቦውን ወደ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ስናሳድገው ሬዚስታንሱ ወደ 0.044 ኦም፣ የቮልቴጅ ብክነቱም ወደ 0.53 ቮልት ይወርዳል። በፓምፑ ጫፍ 13.2 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ፍሰቱም ወደ 208 ሊትር ይጠጋል። ፓምፑ ሳይለወጥ ብቁ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ሽቦውን ሳይነካ የበለጠ ግዙፍ ፓምፕ የገዛ ሰው ብዙ አምፔር በዚያው ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያሳልፍ፣ ከከፈለበት አቅም ከፊሉን በሽቦው ላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል።

አዲስ መስመር ሲዘረጋ ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪው አጠገብ በራሱ ፊውዝ መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው የፓምፕ ሽቦ ተቆርጦ አይጣልም፤ አዲሱን ሪሌይ የሚያስነሣ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሲጠፋ ወይም መኪናው ሲጋጭ ፓምፑን የማቋረጥ ሥልጣኑን ይዞ መቆየት ስላለበት፣ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ማገናኘት ከአደጋ በኋላ ነዳጅ እንዲረጭ በር መክፈት ነው። ሦስተኛ፣ የመመለሻው ወገን፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የነጌቲቭ ሽቦ፣ እንደ ፖዘቲቩ ሁሉ መወፈርና ቀለም በተፋቀለት ንጹሕ ብረት ላይ መታሰር አለበት። በሥራ ላይ ተደጋግሞ የሚረሳው ይህኛው ነው።

7. ከመጠን ያለፈ ፓምፕ የሚያመጣው ችግር

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው “እንግዲያው የመጨረሻውን ትልቅ ፓምፕ ልግጠም” ሊል ይችላል። ይህ መፍትሔ ሌላ ችግር ይወልዳል። በሚኒሞ ዙር ሞተሩ በሰዓት ጥቂት ሊትር ብቻ ስለሚፈልግ ፓምፑ ያነሣው ነዳጅ ሁሉ ማለት ይቻላል በመመለሻ ቱቦው ይመለሳል። በቱቦ ውስጥ ያለ የግፊት ብክነት በግምት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ለ150 ሊትር ፍሰት የተመጠነ መመለሻ 400 ሊትር ሲያልፍበት ብክነቱ ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ መቆጣጠሪያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ግፊቱን ወደ 3 ባር ማውረድ ይሳነዋል። ድብልቁ በሚኒሞ ይወፍራል፤ ሞተሩም ያለ በቂ ምክንያት ይንገዳገዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በምሳሌያችን 208 ሊትር በሰዓት በ4.4 ባር መግፋት የሚጠይቀው ጠቃሚ ኃይል 25 ዋት ብቻ ነው። ፓምፑ የሚስበው ግን 13.2 × 12 = 158 ዋት ነው። ቀሪው 130 ዋት ያህል በመጨረሻ ወደ ነዳጁ በሙቀት መልክ ይገባል። ፓምፑ ከታንኩ ውስጥ የሚቀመጠው በዙሪያው ያለው ነዳጅ እንዲያቀዘቅዘው ጭምር ነው። ግዙፍ ፓምፕ ያለማቋረጥ በሙሉ ዙር ሲሠራና ሰልባትዮው ወደ ባዶነት ሲጠጋ ግን ጥቂቱ ነዳጅ ደጋግሞ ይዞርና ይሞቃል። ነዳጁ ሲሞቅ በፓምፑ መምጠጫ አፍ ላይ የተን አረፋ መፍጠር ይጀምራል፤ አረፋ የሳበ ፓምፕ ደግሞ አቅሙን ያጣል። ስለሆነም የተመጣጠነ ፓምፕ፣ ወይም በዝቅተኛ ጭነት ዙሩ የሚቀነስለት ፓምፕ፣ ከግዙፉ የተሻለ ነው። በፋብሪካው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ለመጠቀም የሚታሰብ ከሆነም ሳጥኑ አዲሱን አምፔር የመሸከም አቅም እንዳለው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

8. የቁስ ተስማሚነትና የእሳት ደኅንነት

በአብዛኞቹ በታንክ ውስጥ በሚቀመጡ ፓምፖች ነዳጁ በኤሌክትሪክ ሞተሩ መካከል ያልፋል። ቤንዚን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ያህል ነው፤ ኢታኖል፣ በተለይም ውኃና ጨው የያዘ፣ ከቤንዚን ይልቅ በብዙ እጅ ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት የመዳብ ኮሙቴተር ያላቸው ፓምፖች በኢታኖል ውስጥ ቶሎ ሊበሉ ይችላሉ። ለኢታኖል ተብለው የሚሠሩ ፓምፖች ዘወትር የካርቦን ኮሙቴተርና የተሸፈኑ የኤሌክትሪክ ጫፎች ይኖሯቸዋል። ፍሰቱ የበቃ ፓምፕ ለኢታኖል የተፈቀደ መሆኑ በአምራቹ ካልተገለጸ፣ በስሌቱ ማለፉ ብቻ አያስመርጠውም።

ከፓምፑ ጋር የሚለወጠው አጭር ጎማ ቱቦም ትኩረት ይሻል። ተራ የነዳጅ ቱቦ የተሠራው በውስጡ ነዳጅ እንዲያልፍ እንጂ ከውጭም በነዳጅ ተዘፍቆ እንዲኖር አይደለም። በሰልባትዮ ውስጥ ሲገጠም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ግፊቱንም በውስጥ ያፈሳል። ከውጭ ምንም ፍሳሽ ስለማይታይ ጉድለቱ የፓምፑ ይመስላል። ስለዚህ ለመዘፈቅ ተብሎ የተሠራ፣ ኢታኖልን የሚቋቋም ቱቦ ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። ዚንክ፣ እርሳስና ያልተሸፈነ አልሙኒየም ያለባቸው ክፍሎችም መመርመር አለባቸው። ኢታኖል ለዓመታት የተጠራቀመ ዝቃጭን ስለሚያነሣ ደግሞ፣ በለውጡ የመጀመሪያ ሳምንታት ፊልትሮ መድፈኑ የሚጠበቅ ነው፤ ቀደም ብሎ መለወጥ ይገባል።

የእሳት ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። የቤንዚን ተን በአየር ውስጥ የሚቀጣጠለው ድርሻው ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው፤ የኢታኖል ግን ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ነው። በቤንዚን ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ተን ዘወትር ለመቀጣጠል ከሚፈቅደው በላይ የወፈረ ነው። በኢ85 ጊዜ ግን፣ በተለይም በቀዝቃዛ አየር፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ተን በሚቀጣጠልበት ክልል ሊገኝ ይችላል። በፓምፑ ክዳን ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ማያያዣ በሙጫ ተለጥፎ የሚተው አይደለም፤ ለታንክ ተብሎ የተሠራ፣ አምፔሩን የሚሸከም መሆን አለበት። ልቅ ንክኪ የቮልቴጅ ብክነት ብቻ ሳይሆን የብልጭታ ምንጭም ነው።

9. ከፍታ በስሌቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

እስካሁን ያለው ስሌት በባሕር ወለል ላይ የቆመ ነው። ለሀገራችን ተመራማሪ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው። 260 ኪሎ ዋት ለማግኘት በማኒፎልዱ ውስጥ የሚያስፈልገው ፍጹም ግፊት 2.4 ባር ነው ብንል፣ በባሕር ወለል ተርቦው የሚጨምረው 1.4 ባር ሲሆን በአዲስ አበባ 1.63 ባር ይሆናል። ሰልባትዮው የሚገኘው በከባቢ አየር ግፊት ስለሆነ ፓምፑ መግፋት ያለበት ከ4.4 ወደ 4.63 ባር ያድጋል። ያው ኃይል፣ ያው ነዳጅ፣ ነገር ግን የበለጠ ግፊት ማለት ነው። የባሕር ወለል ስሌትን እንዳለ የቀዳ ሰው ትርፍ አቅሙን ሳያውቅ ይበላል። ተርቦው ራሱ ያንን የግፊት ብዜት ጤናማ በሆነ ዙር መስጠት መቻሉ ደግሞ ለብቻው የሚመረመር ጥያቄ ነው።

ከፍታ መትነንንም ያፈጥናል። ኢታኖል በባሕር ወለል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈላ በ0.77 ባር በ72 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚን የያዘ ቅልቅል ደግሞ ቀለል ያሉት ክፍሎቹ ከዚያ በብዙ ባነሰ ሙቀት መትነን ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የተን ግፊቱ ከንጹሕ ቤንዚንም ከንጹሕ ኢታኖልም ይበልጣል፤ የኢ85 ግን ከቤንዚን ያንሳል። ስለሆነም በመምጠጫ አፍ ላይ አረፋ የመፍጠር ሥጋት በዝቅተኛ ቅልቅል፣ በከፍታ ቦታና በሞቀ ሰልባትዮ ይብሳል። በከፍታ የሚሠራ ፓምፕ መምጠጫ ወንፊት ንጹሕና ሰፊ መሆን፣ ሰልባትዮውም ወደ ባዶነት ሳይጠጋ መሞላት ያለበት ለዚህ ነው።

10. የፍተሻ ዘዴ

ስሌት ግምቶች አሉበት፤ የተገጠመው ሥርዓት መለካት አለበት። ሁለት ፍተሻዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩ ጠፍቶ የሚደረግ ነው። የመመለሻ ቱቦው ከመቆጣጠሪያው ቀጥሎ ይፈታና ወደ ልኬት ያለው የብረት ዕቃ ይመራል። ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተነቅሎ በእጅ ፓምፕ 1.4 ባር አየር ይሰጠዋል፤ መቆጣጠሪያውም ተርቦው እንደሚሠራ ያህል ግፊቱን ወደ 4.4 ባር ያነሣል። ባትሪው ከቻርጀር ጋር ተያይዞ ፓምፑ ለ30 ሰከንድ ይሠራል። 204 ሊትር በሰዓት ማለት በ30 ሰከንድ 1.7 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ከተገኘ ሥርዓቱ አላለፈም። በዚሁ ጊዜ በፓምፑ ማያያዣ ላይ ያለው ቮልቴጅ መመዝገብ አለበት፤ ፍሰቱ ጎድሎ ቮልቴጁ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ በፓምፑ፣ በወንፊቱ ወይም በቱቦው ነው፤ ቮልቴጁም ከጎደለ ሽቦው ይመረመራል። ፍተሻው ከቤት ውጭ፣ ዕቃው ከመኪናው አካል ጋር በሽቦ ተያይዞ፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ተቀምጦ ብቻ መደረግ አለበት።

ሁለተኛው በጉዞ ወይም በዳይናሞሜትር ላይ የሚደረግ ነው። የነዳጅ ግፊት፣ የማኒፎልድ ግፊትና ላምዳ በአንድ ጊዜ ይመዘገባሉ። ከነዳጁ ግፊት ላይ የማኒፎልዱ ሲቀነስ ውጤቱ ከሚኒሞ እስከ ከፍተኛው ዙር 3 ባር ሆኖ መቆየት አለበት። በከፍተኛ ዙር መውረድ ከጀመረ ሙከራው ወዲያውኑ ይቋረጣል። ላምዳን ብቻ መመልከት አይበቃም። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን አብዝቶ በመክፈት ጉድለቱን ለጊዜው እንዲሸፍን ተደርጎ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ላምዳው ደኅና እየመሰለ ግፊቱ እያለቀ ሊሄድ ይችላል። በኮምፒውተር ማስተካከያ የተሸፈነ የፓምፕ ድካም ፊልትሮው ትንሽ ሲደፈን ወይም ነዳጁ ሲሞቅ ይገለጣል።

11. ማጠቃለያ

በተርቦ ሞተር ላይ ኢታኖልን ለመጠቀም የሚደረገው የፓምፕ ለውጥ የአንድ ዕቃ ልውውጥ ሳይሆን የአንድ ሥርዓት ስሌት ነው። ኢ85 በሊትር 1.43 እጥፍ ያህል ፍሰት ይጠይቃል። ፍሰቱ የሚፈለገው ተርቦው ግፊቱን በሚያሳድግበት፣ ፓምፑም ብዙ አምፔር ስቦ ቮልቴጁን በሚያጣበት በዚያው ቅጽበት ነው። በምሳሌው እንደታየው አንድ ፓምፕ በ1.25 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ወድቆ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያልፋል። ከመጠን ያለፈ ፓምፕም በመመለሻ ቱቦና በሙቀት በኩል የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። በከፍታ ቦታ ለሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የባሕር ወለል ቁጥሮች እንዳሉ የሚቀዱ አይደሉም።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። አስቀድሞ በከፍተኛው የኢታኖል ድርሻና በአካባቢው የአየር ግፊት ፍላጎቱ ይሰላ። ቀጥሎ ፓምፑ በሚሠራበት ግፊትና ቮልቴጅ ከግራፉ ይመረጥ፤ ለኢታኖል የተፈቀደ መሆኑም ይረጋገጥ። ከዚያ ሽቦው፣ ቱቦውና ማያያዣው ከፓምፑ ጋር ይመጠኑ። በመጨረሻም ሞተሩ በሙሉ ኃይል ከመነዳቱ በፊት የ30 ሰከንዱ ፍተሻ ይደረግ። በዚያ ፍተሻ ላይ የጎደለ ነዳጅ በልኬት ዕቃው ውስጥ ይታያል፤ ሳይፈተሽ የታለፈ ጉድለት ግን የሚታየው ቴስታታው ተፈትቶ የቀለጠው ፒስተን ሲወጣ ነው።